ከመቆረጥ በፊት ቁርጡን ማወቅ

ሴፕቴምበር 30 ቀን 1811 ከቀትር በኋላ፣ ፓሪስ ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት ጥቁር የለበሱ ሰባት ወንዶች ገቡ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሰባቱ አንዱ የናፖሊዮን ጦር ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ባሮን ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነበሩ። የመጡት የእንግሊዛዊቷን ልብ ወለድ ደራሲ የፋኒ በርኒን ቀኝ ጡት ሊቆርጡ ነው። ደራሲዋ 59 ዓመታቸው ነበር። ቀኑ የተነገራቸው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው።

ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልታወቀም። አንድ ብርጭቆ መጠጥ ሰጧቸው፣ አስተኟቸው፣ ፊታቸውን በስስ መሀረብ ሸፈኑት። መሀረቡ ከስስነቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፍ ኖሮ በርኒ በዙሪያቸው የቆሙትን ሰዎችና የሚያብረቀርቀውን ብረት አዩ። ቀዶው 20 ደቂቃ ያህል ፈጀ። በኋላ ለእህታቸው ለአስቴር በጻፉት ረጅም ደብዳቤ ሁሉንም ዘረዘሩት። ትዝታው እያመማቸው ለመጨረስ ወራት ወሰደባቸው፤ የጻፉትንም መልሰው ለማንበብ አልደፈሩም።

በርኒ ከዚያ በኋላ ከ28 ዓመት በላይ ኖረው በ1840 በ87 ዓመታቸው አረፉ። ከስቃያቸው ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ክፍል ከነበሩት መካከል በጡታቸው ውስጥ የነበረው እብጠት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የዳሰሱት ጣቶች ፈረዱ፣ በፍርዱ መሠረት ተቆረጠ፣ አለቀ። ዛሬ ታሪካቸውን የሚመረምሩ አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ያህል ዘመን መኖራቸውን አይተው፣ ዕጢው ጭራሹን ካንሰር ላይሆን ይችላል ይላሉ።

አማርኛችን “ቆረጠ” የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል፤ በቢላ መቁረጥም መቁረጥ ነው፣ መወሰንም መቁረጥ ነው። እርግጡን ነገር ደግሞ “ቁርጡ” እንለዋለን። የጡት እብጠት ሕክምና ያለፈባቸው ሁለት መቶ ዓመታት በእነዚህ በሦስቱ መካከል የተካሄደ ትግል ናቸው፤ ቁርጡን ማን ያውቃል፣ ማን ይቆርጣል፣ የትኛውስ ይቀድማል የሚል ትግል።

ከበርኒ በኋላ ያሉት ዓመታት ፈጣን ነበሩ። በ1846 ቦስተን ውስጥ ኤተር ሕመምተኛን አስተኝቶ መቅደድ እንደሚያስችል ታየ። በ1858 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሆ በሽታን ከሕዋስ ጀምሮ ማጥናት እንደሚገባ የሚያስረዳ መጽሐፋቸውን አወጡ። በ1867 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከመመርቀዝ የሚጠብቅ ዘዴ አሳተሙ። በ1879 ደግሞ ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ኧርነስት ቤኒየ ከሁለት የግሪክ ቃላት “ባዮፕሲ” የሚለውን ስም አወጡ፤ ሕያው አካልን ማየት እንደማለት ነው። አሁን ከሕመምተኛው ትንሽ ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። እውቀቱ አለ፣ መሣሪያው አለ፣ ስሙም ወጥቶለታል። ሆኖም ናሙናን አስቀድሞ የመውሰድ ልማድ በጡት ላይ ሥር እስኪሰድ ሌላ መቶ ዓመት ገደማ አለፈ።

ከዘገየባቸው ምክንያቶች ትልቁን የፈጠሩት አንድ ታላቅ ሐኪም ናቸው። አሜሪካዊው ዊሊያም ሃልስቴድ፣ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም፣ በ1894 ስለ 50 ሴቶች የሚናገር ጽሑፍ አሳተሙ። ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት ንፍፊቶች ጠራርገው ያወጡ ነበር። በዚያ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ ካንሰሩ እዚያው ቦታ ተመልሶ የሚበቅልባቸው ሴቶች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ በእርሳቸው እጅ ግን የተመለሰባቸው ከ50ዎቹ ሦስቱ ብቻ እንደሆኑ ጻፉ። ዓለም ተደነቀ፣ መደነቁም አግባብ ነበረው። ሃልስቴድ ካንሰር እንደ ሥር ከአንድ ቦታ ተነስቶ ዙሪያውን እየሰፋ የሚሄድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ የተጠረጠረው ሥጋ በሙሉ አንድ ላይ መውጣት አለበት፤ መሃል ለመሃል ከተቆረጠ ካንሰሩ ቁስሉን ይበክላል አሉ። አስቀድሞ ናሙና መውሰድ አደጋ ሆኖ የተቆጠረው ከዚህ እምነት ተነስቶ ነው።

“ቢላ ከነካው ይበተናል” የሚለውን ፍርሃት ከእናቶቻችን አፍ የሰማን ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ፍርሃቱ የመሃይምነት ወሬ አይደለም። በዘመኑ አንደኛ የተባለው ሐኪም ይህንኑ አስተምረዋል፣ ተማሪዎቻቸውም ተቀብለው ለሦስት ትውልድ አስተላልፈውታል።

እንግዲህ አስቀድሞ መንካት ካልተቻለ፣ ሳያውቁ መቁረጥም የሚያሳቅቅ ከሆነ፣ ማወቁም መቁረጡም በአንድ ጊዜ እንዲሆን ተፈለገ። በ1891 የሆፕኪንስ ፓቶሎጂስት (ሥጋን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታን የሚለይ ሐኪም) ዊሊያም ዌልች ከሃልስቴድ የቀዶ ጠረጴዛ የመጣ የጡት ሥጋ አቀዝቅዘው በስሱ ሊያዩት ሞክረው ነበር፤ ውጤቱ ሳይደርስ ቀዶው አለቀ። የተሳካው በ1905 ነው። በሚኒሶታ ሮቸስተር ቀዶ ሐኪሙ ዊሊያም ሜዮ፣ ሕመምተኛዋ ገና ጠረጴዛው ላይ እያለች መልሱን የሚነግረኝ ዘዴ አምጣ ብለው ፓቶሎጂስቱን ሉዊስ ዊልሰንን ጠየቁ። ወቅቱ የሚኒሶታ ክረምት ነበር፣ በረዶ እንደ ልብ ነው። ዊልሰን ሥጋውን አቀዝቅዘው በስሱ ቆርጠው ሰማያዊ ቀለም ነከሩት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ለማለት በቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘዴውን አሳተሙት።

ድንቅ ሥራ ነበር። በጡት ላይ ግን አንድ ልማድ ወለደ፣ ልማዱም ከ60 ዓመት በላይ ነገሠ። አንዲት አሜሪካዊት ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ሆስፒታል ትገባለች። ወረቀት ይቀርብላታል። ወረቀቱ ናሙና እንዲወሰድ ይፈቅዳል፣ አስፈላጊ ከሆነም ጡቷ እንዲቆረጥ ይፈቅዳል፤ ፊርማው አንድ ነው። ማደንዘዣ ተሰጥቷት ትተኛለች። ሐኪሙ እብጠቱን አውጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፣ ጓንቱን ሳያወልቅ ይጠብቃል። መልሱ “ካንሰር አይደለም” ከሆነ ሰፍቶ ይዘጋል። “ነው” ከተባለ እዚያው ሃልስቴድ ባስተማረው መንገድ ይቀጥላል። ሴትዮዋ ስትነቃ የመጀመሪያ ሥራዋ እጇን ወደ ደረቷ ሰዶ መዳሰስ ነበር። ጡቷ ካለ ጤነኛ ናት፤ ጥቅልል ፋሻ ካገኘች ካንሰር አለባት። የሕይወቷን ትልቁን ዜና የሰማችው ከገዛ እጇ ነው።

እንዲያ ተኝተው ከነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከአምስቱ አራቱ ገደማ፣ ካንሰር አልነበረባቸውም። ላልነበረባቸው በሽታ ጡታቸውን ለማጣት ፈርመው ነበር የሚተኙት።

የሚያሳዝነው፣ ሌላው መንገድ በ1930 ተከፍቶ ነበር። በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሃይስ ማርቲንና ኤድዋርድ ኤሊስ ወፍራም መርፌ ከሲሪንጅ ጋር እያያዙ ከዕጢ ውስጥ ሕዋስ ይስቡ ነበር፤ አልጋና ቢላ አላስፈለገም። አሠራሩን በዚያው ዓመት ጽፈው አወጡት። የአገራቸው ሐኪሞች ግን ችላ አሉት፤ ግማሹ የመርፌው መንገድ ካንሰር ይዘራል ብሎ ሰጋ፣ ግማሹ ደግሞ ከጥቂት ሕዋስ ፍርድ መስጠት አልደፈረም። ሙያውን ያዳበሩት ስዊድናውያን ናቸው። በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ሐኪሞች ሲክስተን ፍራንዜንና ዮሴፍ ዛዪቼክ በቀጭን መርፌ የወሰዷቸውን 3,479 የጡት ናሙናዎች መርምረው በ1968 ውጤቱን አሳተሙ። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ዓመት ሴቶች ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ፊርማ እየመለሱ ይተኙ ነበር።

የተጠራጠሩ ሐኪሞች አልጠፉም። በለንደን ጄፍሪ ኬንስ፣ የታዋቂው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ወንድም፣ በ1920ዎቹ ጡትን ሳይቆርጡ ራዲየም በመጠቀም ማከም ጀምረው ነበር። በክሊቭላንድ ጆርጅ ክራይል በ1950ዎቹ አጋማሽ የሃልስቴድን ቀዶ እርግፍ አድርገው ትተው ባልደረቦቻቸውን አስቀየሙ። በ1971 ባቤት ሮዝሞንድ የተባሉ የኒው ዮርክ ደራሲና የመጽሔት አዘጋጅ ያንን ሁለት በአንድ የሆነ ወረቀት አልፈርምም ብለው፣ ከናሙናው በኋላ ወደ ክራይል ሄደው ዕጢውን ብቻ አስወጡ። በ1972 በሌላ ስም መጽሐፍ ጻፉበት። በዚያው ዓመት መገባደጃ በልጅነታቸው ዓለም የወደዳቸው የፊልም ተዋናይ ሸርሊ ቴምፕል ብላክ፣ በኋላ በጋና የአሜሪካ አምባሳደር የሆኑት፣ ናሙናው ለብቻው ይሁን ብለው ጸኑ። ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ምርጫዎቹን አመዛዝነው ከሃልስቴድ የቀለለውን ቀዶ መረጡ፤ ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነውም ለሕዝብ ተናገሩ። መቅደዱ የሐኪሙ ነው፣ መወሰኑ የእኔ ነው የሚል አቋም ነበራቸው።

በጁን 1974 ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ የሜሪላንድ መንደር የሚኖሩ ጋዜጠኛ፣ ሮዝ ኩሽነር፣ ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ። ስለ ሕክምና የሚጽፉ ሰው ስለነበሩ ቤተ መጻሕፍት ገብተው አነበቡ፤ አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች ከአሜሪካ በተለየ መንገድ እንደሚሠሩ አዩ። ከዚያ ስልክ ያዙ። ናሙናውን ብቻ ወስዶ የሚያስነሳኝ፣ ሳልነቃ ምንም የማይቆርጥ ማን አለ? ብለው ቀዶ ሐኪም ፍለጋ ደወሉ። አንዱ እምቢ ሲል ወደ ሌላው። በመጨረሻ የተስማማ ተገኘ። ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ኩሽነር ተነስተው፣ አስበው፣ ጠይቀው፣ የደረት ጡንቻቸውን የማይነካ ቀዶ ለማግኘት ኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ድረስ ተጓዙ።

ከሦስት ወር በኋላ ነገሩ ቤተ መንግሥት ገባ። ጄራልድ ፎርድ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ሁለት ወር አልሞላቸውም። ባለቤታቸው ቤቲ ፎርድ ሴፕቴምበር 26 ለምርመራ በሄዱበት ሆስፒታል እብጠት ተገኘባቸው። በማግስቱ የተያዘላቸውን የሥራ ፕሮግራም ፈጽመው ማታ ቤተስዳ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ገቡ። ዜናው ሲሰማ ኩሽነር ወደ ዋይት ሐውስ ደወሉ። ቀዳማዊት እመቤቷ ናሙናው ብቻ ይወሰድላቸው፣ ይንቁ፣ ከዚያ ይምረጡ ብለው ለመኑ። የተሰጣቸው መልስ ፕሬዚዳንቱ ወስነዋል የሚል ነበር።

ያንን መልስ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ጡቱ የወይዘሮ ፎርድ ነው፤ ወሳኙ ግን ባል ነው የተባለው። መልሱን የሰጡት ሰው ክፋት አስበው አይመስለኝም፤ የዘመኑ ሥርዓት እንዲያ ነበር፣ በብዙ ቤትም ዛሬ ድረስ እንዲያው ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1974 ቤቲ ፎርድ ማደንዘዣ ወሰዱ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 1967 መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ 16 ቀን። ናሙናው ካንሰር መሆኑ ተነገረ፣ ቀዶው ቀጠለ፣ ጡታቸውና የደረት ጡንቻቸው ተወሰደ።

ወይዘሮ ፎርድ ግን አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፤ አልደበቁም። ያኔ በጋዜጣ ላይ የማይጠራ በሽታ ስሙ ተጠራ። በአሜሪካ ሴቶች ለምርመራ ተሰለፉ፣ በዚያ ወቅት የተገኘው የጡት ካንሰር ቁጥር በድንገት ሽቅብ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ የሃፒ ሮክፌለር፣ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩት የኔልሰን ሮክፌለር ባለቤት፣ ካንሰርም ታወቀ። ሁለቱ ሴቶች በሽታውን አደባባይ አወጡት፤ ኩሽነር ደግሞ ውሳኔው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አስከትለው አወጡት። በ1975 መጽሐፋቸውን አሳተሙ፣ በየስብሰባው እየተገኙ ሐኪሞችን ሞገቱ።

ሙግታቸው ጽኑ ነበር። ናሙናና ቀዶ ከተለያዩ፣ አሉ፣ ፓቶሎጂስቱ ተጣድፎ ካቀዘቀዘው ሥጋ ይልቅ በወጉ የተዘጋጀውን አይቶ ይፈርዳል። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሌላ አካል መዛመቱ ይመረመራል፤ ከተዛመተ ጡት መቁረጥ ብቻውን አያድናትም። ሴትዮዋም ሌላ ሐኪም ትጠይቃለች፣ ቤተሰቧን ታማክራለች፣ ለምን እንደተቆረጠች አውቃ ትቆረጣለች። ካንሰሩ በዚያች ሌሊት የበቀለ አይደለም፤ ለመወሰን የሚወስዱት ጥቂት ቀናት አያከፉትም።

ጁን 1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ቤተስዳ ውስጥ የሊቃውንት ጉባኤ ጠሩ። ኩሽነር ከሐኪሞቹ መካከል ተቀምጠው ከመከሩት አንዷ ነበሩ። ጉባኤው የሃልስቴድ ቀዶ ከእንግዲህ የተለመደው ሕክምና መሆኑ ይብቃ አለ። በአብዛኛውም ሁኔታ ናሙናው በአንድ ቀን፣ ቀዶው በሌላ ቀን ይሁን ብሎ ደመደመ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ግዛት የጡት ካንሰር ያለባት ሴት አማራጮቿ ሁሉ እንዲነገሯት በሕግ ደነገገ። ኩሽነር በ1990 አረፉ።

የቀረውን ቁጥር ጨረሰው። በፒትስበርግ በርናርድ ፊሸር በ1971 ከ1,600 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ጀምረው፣ ጡንቻውንም የሚጠርገው ቀዶ ከቀለለው ቀዶ የበለጠ ዕድሜ እንደማይሰጥ አሳዩ። በሚላን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ 701 ሴቶችን አጥንተው በ1981፣ ፊሸር ደግሞ 1,843 ሴቶችን ይዘው በ1985፣ ዕጢውን ከዙሪያው ሥጋ ጋር አውጥቶ ጨረር መስጠት ሙሉ ጡት ከመቁረጥ እኩል ዕድሜ እንደሚያኖር አረጋገጡ። የፊሸር ጥናት የ20 ዓመት ውጤት በ2002 ሲወጣ ድምዳሜው አልተለወጠም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ዕጢው ወጥቶ ጨረር ካልተሰጣቸው ሴቶች ከመቶ 39 በሚሆኑት ካንሰሩ በዚያው ጡት ተመልሷል፤ ጨረር በተሰጣቸው ግን ከመቶ 14 ብቻ።

ምርጫ መኖሩ ሲታወቅ ችላ የተባለው መርፌ ተመለሰ። በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ በስፕሪንግ የሚተኮስ፣ እንደ ክር ቀጭን ሥጋ ቆርጦ የሚያወጣ መርፌ ተሠራ። በ1990ዎቹ መርፌውን በራጅና በአልትራሳውንድ እየመሩ መውጋት ተስፋፋ። ሴትዮዋ በማደንዘዣ አትተኛም፤ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፣ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ቀጭኑ መርፌ ነጠላ ነጠላ ሕዋሳት ያወጣል፤ ወፍራሙ ግን ሥጋውን እንዳለ ስለሚያመጣ ካንሰሩ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚበገር ጭምር ይነግራል። መርፌው ባለፈበት ጥቂት ሕዋስ ሊቀር እንደሚችል በማይክሮስኮፕ ታይቷል። የሴቶቹን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ግን አልታየም። የሃልስቴድ ስጋት በዚህ መልስ አገኘ።

ዛሬ ያለው ፍርድ ግልጽ ነው። በእጅ ይዳሰሳል፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም ይታያል፣ በመርፌ ይወሰዳል፤ ሦስቱ ከተስማሙ ይታመናሉ። በወጣት ሴት ላይ የምትንሸራተት ክብ ዕጢ ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ የጡት ዕጢ) መሆኗ ከተረጋገጠ ብዙ ጊዜ መውጣት አያስፈልጋትም፤ እየታየች ትቆያለች። እየፈጠነ የሚያድግ ከሆነ፣ ወይም መርፌው የሚለውና ምስሉ የሚያሳየው ካልተጣጣሙ፣ ወይም ናሙናው ወደ ካንሰር ያዘነበሉ ሕዋሳት ካሳየ፣ ያኔ ማውጣቱ ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚጎዳው አስቀድሞ ሳያውቁ ጎልጉሎ ማውጣት ነው። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩ ስለሚቀር ሴትዮዋ ዳግመኛ ቢላ ሥር ትገባለች፤ ዕጢውን አስቀድሞ በመድኃኒት የማሳነስ ዕድልም ያመልጣታል።

በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰሮች ሁሉ አንደኛ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚመጡት ዘግይተው ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የፊሸርን ቁጥር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጨረሩ በሌለበት ጡትን የማትረፍ ምርጫ ይጠብባል። መርፌው ግን እዚህም አለ፣ ከቀዶ ሕክምናም ይረክሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ፣ አንዲት ሴት ሐኪም ፊት ከቀረበችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቅቆ ቁርጡ እንዲነገራት ይጠይቃል። ለማሰብ የሚሰጠው ጊዜ ቀናትና ሳምንታት ነው፤ ወራትና ዓመታት ግን ካንሰሩን ይጠቅማሉ።

እህቴ፣ ወረቀት ሲቀርብልሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ይህ ፊርማ ለናሙና ብቻ ነው ወይስ ለቀዶውም ጭምር? አብሯት የሄድክ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ብትሆን ደግሞ መልሱን እርሷ ትስጥ። ከሰውነቷ የወጣው ሥጋ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በፎርማሊን ብልቃጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ መሄዱን ሳታረጋግጡ ከዚያ ግቢ አትውጡ።